ሦስተኛው ሲሊንደር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ንፋስ መውጫ ላይ ቆማችሁ ጎበዝ የቶርኖ ሠራተኛ ብትፈልጉ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ወደ እኔ ቤት ነበር የሚያመጣችሁ። የወፍጮ ዘንግ ሲበላ፣ የመኪና ቡሽ ሲያልቅ፣ የውኃ ፓምፕ ሲሰበር የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ምሥጋናው እባላለሁ። እጄ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት የእጄ ሳይሆን የአፌ ስለሆነ ነው።

አገሬን ለጠየቀኝ ሁሉ «ስማዳ ነኝ» እል ነበር። ውሸት ነው። የተወለድሁት እስቴ፣ ከቀጥቃጭ ቤት ነው። አባቴም አያቴም ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ፣ ነሐስ አፍስሰው መስቀልና ቃጭል ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አባቴ የሠራውን መስቀል ሰው ሁሉ ይሳለመዋል፤ ከአባቴ ጋር ግን አንድ ማዕድ አይቀርብም። ልጅ ሳለሁ በመንገድ ሳልፍ እናቶች የሕፃኖቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል ይባላላ። እኔም መዶሻውን በቶርኖ፣ እስቴን በስማዳ ለውጬ ንፋስ መውጫ ገባሁ። አባቴን ካየሁት አራት ዓመት አልፎኝ ነበር።

አያ ዘለቀን ያወቅኋቸው የጠመመ ዘንግ ላቃናላቸው ከአርብ ገበያ ድረስ በመጡ ጊዜ ነው። ለምን እንደሚፈልጉት ጠየቅኋቸው።

«ለመርከብ ነው» አሉኝ።

«ጋይንት ላይ መርከብ?» ብዬ ሳቅሁ።

«አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሚስቴም ትስቃለች» አሉና አብረውኝ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ዘለቀ በጎረምሳነታቸው ምጽዋ ወርደው፣ ወደቡ ላይ ሰውና ዕቃ በምታመላልስ አሮጌ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ቀቢ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። መርከቧ በእንፋሎት የምትሄድ ነበረች። አርጅታ ከተቆራረጠች በኋላ እሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘው የመጡት አንድ ዘይት የጠገበ ደብተር ብቻ ነው፤ የሞተሩን የእያንዳንዱን ክፍል ልክ በክርና በስንዝር ለክተው ጽፈውበታል። ያንን ሞተር አሳንሰው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ግን በእውነተኛ እንፋሎት የሚዞር አድርገው ሊሠሩት ቆርጠው ተነሥተዋል። እኔ ስደርስባቸው አራተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር።

«ሦስት ሲሊንደር አለው» አሉኝ በዚያው ቀን፣ መሬቱ ላይ በስንጥር እየሣሉ። «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። እንፋሎቱ ትኩስ ጉልበቱን ይዞ መጀመሪያ ትንሹ ውስጥ ይገባል። ገፍቶ ሲወጣ አይጣልም፤ ወደ መካከለኛው ይሄዳል። እዚያም ሠርቶ ሲወጣ አይጣልም፤ ወደ ትልቁ ይሄዳል። እየደከመ በሄደ ቁጥር ሰፋ ያለ ቤት ይሰጡታል። አንዱ እንፋሎት ሦስት ጊዜ ይሠራል። ገባህ?»

ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳቸው ሰው ሆንሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፒስተኑን፣ የሚዞረውን ክራንክ፣ ሁለቱን የሚያያይዘውን ቢየላ አንድ በአንድ ቶርኖ ላይ አወጣሁላቸው። አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው። አዲስ ክፍል ሲገጠም የሠራው ሰው አጠገቡ ካልቆመ እንፋሎት አይከፍቱም። የመርከቧ ሕግ ነበር አሉ። «ቢፈነዳ አብሮ ይፈነዳል፤ ቢዞር አብሮ ደስ ይለዋል» ይሉኛል። ስለዚህ አንዲት ብሎን በለወጥሁ ቁጥር አርብ ገበያ ወርጄ መቆም ነበረብኝ።

ሁለቱን ትንንሽ ሲሊንደሮች ከድፍን ነሐስ ቦርቡሬ አወጣኋቸው። ትልቁ ግን የአዋቂ ሰው ቡጢ የሚገባበት ነው፤ ይህን የሚያህል ድፍን ነሐስ ከየት ይመጣል? ቀልጦ መፈሰስ ነበረበት። ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ጠይቀን «አንድ ብቻ አንሠራም» ብለው መለሱን።

ይህ በሆነበት ሰሞን የአያ ዘለቀ ዓይን ደከመ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ አንደኛው ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየጠበበ ነው፣ መቼ እንደሚዘጋ አላውቅም ብሏቸዋል። በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኑ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩ ግን ሐኪሙን አልሰማችም። «ዓይን ነው የበላው። ይህን ብረት ሊያይ የማይገባ ሰው የለ» ትል ነበር እንጀራ እያቀረበችልኝ።

ዓይኔን ከሞተሩ ላይ አንሥቼ ወደ ማዕዱ መለስሁ።

«ልጄ» አሉኝ አያ ዘለቀ በዚያ ሰሞን፣ «እኔ እንግዲህ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሲዞሩ አንድ ጊዜ ልየው። ከዚያ ቢጨልም ይጨልም። እስቲ አስብ፤ በዚህ አገር ነሐስ የሚያፈስ ሰው አይጠፋም እኮ፤ ቃጭሉን ማን ይሠራዋል?»

«አፈላልጌ ነበር» አልሁ። «መስቀል ይሠራሉ እንጂ እንዲህ ያለውን የሚችል የለም።»

አባቴ ይችል ነበር። በሁለት ቀን ይችል ነበር። ግን ዓይኑ እየጠፋ ላለ ሰው፣ ያውም እንዲህ ለምትል ሚስት ባል፣ እንዴት ብዬ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ ልበል? በማግሥቱ መላው አርብ ገበያ የዘለቀን ዓይን የበላው ማን እንደሆነ ያወራል ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴ ከንቱ ነበር አልልም። ግን ፈራሁና ዋሸሁ። በነሐሱ ፋንታ የብረት ቱቦ በየድሁላቸው። ሙቀቱ ቱቦውን አጣመመው፤ እንፋሎቱ በየስፌቱ ወጣ። ሁለተኛ በየድሁ፣ ሦስተኛ በየድሁ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ስልክ ደወሉ።

«ምሥጋናው፣ ዛሬ የግራ እጄን ጣቶች ቆጠርሁ። ሦስት ሁነው አገኘኋቸው» አሉኝ። ቀልድ ለማድረግ ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን አልታዘዘላቸውም። «ያችን ቱቦ ተዋት። ከእንግዲህ አትደርስም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሱቁን ቆልፌ፣ ለሦስት ወር ያከማቸሁትን የተሰባበረ ፕሪመስና የቧንቧ ነሐስ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወደ እስቴ ሄድሁ። ሁለት መኪና ቀይሬ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ደረስሁ። አባቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

ሥዕሉን ዘረጋሁለት። ስለ አያ ዘለቀ፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ሦስቱ ሲሊንደሮች ነገርሁት። ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው።

«የማን ልጅ እንደሆንህ ያውቃል?»

«አያውቁም።»

አባቴ ሥዕሉን አጠፈ። ተነሥቶ ሰሙን አወጣ።

ያን ቀንና በማግሥቱ አባቴን እንደ እንግዳ ሰው ተመለከትሁት። ሰሙን በመዳፉ አሙቆ ከጭቃ በሠራው እምብርት ላይ ሲጭን፣ የእንፋሎቱን መግቢያና መውጫ ሲያበጅ፣ አንድ መለኪያ እንኳ አልያዘም፤ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነው። በገለባ ጭቃ ሸፈነው። እሳት ዳር አድርቆ ሰሙን አቅልጦ አፈሰሰውና ሐሙስ ከሰዓት በባዶው ቦታ ነሐሱን ለቀቀበት። ዓርብ ጠዋት ጭቃውን ስንሰብረው አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። በሕይወቴ ያን ያህል የጠራ ሥራ አላየሁም። እሱም ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«አብሬህ ልምጣና ሲዞር ልየው» አለኝ።

ይህን ስጽፍ ቆም አልሁ። ብዙ ጊዜ ነው እዚህ ቦታ ላይ የምቆመው።

«መንገዱ ይከብድሃል፣ አባባ። ሌላ ጊዜ እወስድሃለሁ» አልሁት።

«ይሁና» አለ። ሲሊንደሩን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

የሚከብደው መንገዱ አልነበረም። የአያ ዘለቀን ሕግ አውቃለሁ፤ የሠራው ሰው ይቁም ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ በመንገድ ላይ ውሸቴን አዘጋጀሁ። ባሕር ዳር አሠራሁት እላለሁ፤ የፋብሪካ ሰው እዚህ ድረስ ሊመጣ አይችልምና በእሱ ፋንታ እኔ እቆማለሁ። ዓርብ ማታ ንፋስ መውጫ ገብቼ ሌሊቱን ውስጡን በቶርኖ ስጠርብና ሳለሰልስ አደርሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና አርብ ገበያ ወረድሁ።

አያ ዘለቀ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ትታየኛለህ፣ በቁራጭ በቁራጭ» አሉኝ። «ኮፍያህን አየሁ። በል ግባ፣ ይህች ቀዳዳ ሳትጨልም።»

መግጠሙ ሦስት ሰዓት ፈጀ። እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ አጠገቤ ጎንበስ ብለው፣ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያሉ በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ ይከታተሉኛል። እትዬ ጥሩ ውኃ ታቀብላለች። ቦይለሩ ሥር ከሰል አቀጣጠልን። ውኃው መንጫጫት ጀመረ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከመቀመጫው ተነሣ። አያ ዘለቀ እጃቸውን እንፋሎት መክፈቻው ላይ አኑረው፣ በሌላው እጃቸው አዲሱን ነሐስ መዳሰስ ጀመሩ።

«ይህን ማን አፈሰሰው?» አሉኝ።

«ባሕር ዳር ነው ያሠራሁት። ለምኛቸው እሺ አሉኝ።»

ጣታቸው ከሲሊንደሩ ጀርባ፣ ቶርኖ ካልነካው ቦታ ላይ ቆመ። መልሶ መላልሶ ዳሰሰው።

«እዚህ ላይ አውራ ጣት አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ በሰም የወጣ ሥራ ነው፣ ምሥጋናው። ፋብሪካ በሰም አይሠራም። ሰሙን የጫነው ሰው አውራ ጣቱ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ጠባሳ አለው። ማን ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን የአባቴን ጣት ይዘውት ነበርና አልቻልሁም።

«አባቴ ነው።»

«አባትህ?»

«እስቴ ነው ያለው። ቀጥቃጭ ነው። እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ስማዳ ያልሁዎት ውሸት ነው።»

እትዬ ጥሩ ውኃውን አስቀምጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ ማድቤት ሄደች። አያ ዘለቀ አልዞሩባትም።

«ይህን ሥራ ከሦስት ወር በፊትም ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር።»

«የፈራኸው እኔን ነው?»

«ዓይንዎን ነው የፈራሁት። በእኔ እንዳይመካኝ።»

ከወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መርፌው እየወጣ ነው።

«ዓይኔን የሚበላው ግፊቱ ነው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል» አሉ በመጨረሻ። «አንተ የበላህብኝ ሦስቱን ወር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስወለውል የኖርሁ ሰው ነኝ። ወንድሞቼ ከምጽዋ ስመለስ ምን ብለው እንደጠሩኝ መቼ ጠየቅኸኝ? በል እሳቱን አውጣ።»

«አያ ዘለቀ!»

«አውጣው አልሁህ። አባትህ ይምጣ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ዛሬ ያስነሡት፣ ስለ እግዚአብሔር! አሁን ያያሉ እኮ። አባቴ በኋላ ይመጣል፣ ደግመን እናስነሣለን።»

«አባትህ ልምጣ አላለህም? ሲሠራ ልየው አላለህም?»

እግራቸውን ለቅቄ ተነሣሁ።

«ብሏል ማለት ነው። አንተ አባትህን በኋላ ብለኸዋል፤ እኔ አልለውም። የሠራው ሰው ሳይቆም እንፋሎት ከፍቼ አላውቅም፤ ለዓይኔ ብዬም አልጀምርም። ሂድ አምጣው።»

ከሰሉን አውጥቼ አመድ ውስጥ ቀበርሁት። እንፋሎቱ ሲበርድ ሁለታችንም እንሰማዋለን እንጂ መርፌውን አላየነውም፤ እኔ ማየት አልቻልሁም።

አባቴ ስልክ የለውም። ልገዛለት እችል ነበር፤ እንዳይደውልልኝ ብዬ አልገዛሁም። ስለዚህ በአካል መሄድ ነበረብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከአርብ ገበያ የሚወጣ መኪና አንድ ጭነት ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ ላይ ተበላሸ። እሑድ ቀትር አልፎ ነው እስቴ የደረስሁ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጅ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አልዞረም እንዴ?» አለኝ ደንግጦ። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሥራው ነው።

«አንተ ካልቆምህ አላስነሣም ብለዋል።»

«እኔን ነው ያለ?»

«አንተን ነው፣ አባባ።»

ገብቶ እግሩን ታጠበ፤ ነጭ ጋቢውን ለበሰ። ያን ዕለት መኪና አጣን። ሰኞ ማለዳ ተነሥተን አርብ ገበያ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። በመንገድ ሁሉ መንገዱ እንዳይከብደው በዓይኔ እከታተለው ነበር። ከእኔ በፊት በፊት ነበር የሚሄደው።

አያ ዘለቀ በዚያው በር ላይ ተቀምጠዋል። «እንደምን ዋሉ?» አልሁ። ወደ እኔ ዞሩ፤ የዞሩት ግን ከእኔ ትንሽ ወደ ቀኝ ነበር። ያኔ ገባኝ።

«ትናንት ከሰዓት ድረስ ያች ቀዳዳዬ ነበረች» አሉ። «ከዚያ ሄደች። አባትህ መጡ?»

አባቴ ቀርቦ እጁን ሰጣቸው። አያ ዘለቀ እጁን አልለቀቁም። አውራ ጣቱን ፈልገው፣ ጠባሳውን አግኝተው፣ በጣታቸው እያሹ ፈገግ አሉ። «እርስዎ ነዎት» አሉ። የሌላ ቤት ሰው አባቴን እርስዎ ብሎ ሲጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ።

እሳቱን እንደገና አቀጣጠልሁ። መርፌው ሲደርስ አያ ዘለቀ አባቴን ከሞተሩ ቀኝ አቁመው መክፈቻውን በእጃቸው አዞሩት። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ውኃ ተፋ፣ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ትንሹ ገፋ፣ መካከለኛው ተቀበለው፣ ትልቁ ተቀበለው። ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤቱ በዘይትና በትኩስ ውኃ ሽታ ተሞላ።

«ድምፁ እሱ ነው» አሉ አያ ዘለቀ። «ራሱ ነው።» አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ የእኔ ለቅሶ ግን ሌላ ነበር።

«ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አባቴ ነው።

«አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል፤ አንዱ መሐል ላይ ነው» አላቸው። «ወናፍ እየተቀባበሉ የሚነፉ ሦስት ሰዎች ናቸው። አይገፋፉም።»

«ትልቁስ?»

«ትልቁ ላብ እንኳ አላወጣም።»

አያ ዘለቀ በዕንባቸው መሐል ሳቁ። እትዬ ጥሩን ጠርተው ለሦስታችን አንድ ማዕድ እንድታቀርብ አዘዟት። አቀረበች። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ፊቷንም እንደሸፈነች ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አማረ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ውሸት በቅቶኛል።

አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ እስቴ ነኝ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ እላለሁ። የቀሩብኝ ደንበኞች አሉ፤ አዲስ የመጡም አሉ። አባቴ ስልክ አለው። በየወሩ ንፋስ መውጫ እየመጣ ከእኔ ጋር ይሰነብታል፤ ስለዚያች ዓርብ ግን አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ «ለሰው አዝኜ ነው፣ እንዳይመካኝ ብዬ ነው» እያላችሁ የምትደብቁት ነገር ካለ፣ እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ የማንን ቀን እየበላችሁ እንደሆነ አስቡ። እኔ ራሴን ያዳንሁ መስሎኝ ነበር። የበላሁት የሽማግሌውን ሦስት ወርና የአባቴን አንዲት መንገድ ነው። አባቴን ዓርብ ይዤው ሄጄ ቢሆን፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁለቱም ቆመው ያዩት ነበር።

አያ ዘለቀ በሕይወት አሉ። አርብ ገበያ በወረድሁ ቁጥር ሞተሩን ያስነሡታል፤ ዘይቱን በእጃቸው ዳስሰው ይቀቡታል። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጡና ምን እንደሚመስል ይጠይቁኛል። የቻልሁትን እነግራቸዋለሁ። ክራንኩ ሲዞር ብርሃኑ ነሐሱ ላይ እንዴት እንደሚሄድ፣ የትልቁ ፒስተን ዘንግ ሲወጣ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ እነግራቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን መሐል ላይ ያቆሙኛል።

«ባለፈው እንዲህ አላልህም» ይሉኛል። «ቅዳሜ አይቼው ቢሆን አንተን ባልጠየቅሁ ነበር።»

በቁጣ አይደለም የሚሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እኔም ይቅርታ ሳልል፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና እነግራቸዋለሁ።